ቅዱስ ቁርባን ይዘን ሱቅ አንግባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አሜሪካ መጥቶ የላቲን ሥርዓት ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባ አበሻ መጀመሪያ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከካህኑ ጎን አንዲት ተራ ምእመን ቆማ ታቆርባለች። በግዕዝ ሥርዓት ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ኦርቶዶክስ ወዳጆቼንማ ተዉአቸው።

እኔም ከሚያቆርቡት ምእመናን አንዱ ነኝ። ፈቃዱን የሰጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973። ካህን ሲጠፋ፣ ሲታመም ወይም ሕዝቡ እጅግ ሲበዛ ሰው ሳይቆርብ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ «ድፍረት ነው» የሚለው አይዋጥልኝም። ካህን ብቻ ቢጠበቅ በየአረጋውያን መጦሪያው ያሉ ስንት እናቶች ይቀርባቸው ነበር።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለታመመ ሰው ቅዱስ ቁርባን የምንወስድባት የኪስ ሰዓት የምታክል ክብ ዕቃ አለች። እሷን ኪሱ ከቶ ከቅዳሴ በኋላ ቡናና ዶናት ወዳለበት አዳራሽ የሚወርድ አለ። ቦርሳዋ ውስጥ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር የምትወረውራት አለች። መኪና ውስጥ ትቷት ሱቅ የሚገባም አይቻለሁ። ሲነገራቸው «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይላሉ። እሺ፣ ልብን ያያል። ታዲያ ደረት ኪስ ውስጥ አድርጎ ቀጥ ብሎ መሄድ ምን ይከብዳል?

ይህን ያመጣሁት ከራሴ አይደለም። ቫቲካን እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 2004 ያወጣው መመሪያ፣ ለሕመምተኛ ቅዱስ ቁርባን የሚወስድ ሰው ዓለማዊ ጉዳዩን ትቶ በተቻለ መጠን በቀጥታ እንዲሄድ ያዛል። ከሕጉ ውጭ ቤት ይዞ መግባትንም ይከለክላል። «ዛሬ መሽቷል፣ ነገ አደርሳለሁ» ብሎ ቤት ማሳደር የለም። ሕመምተኛዋ ሆስፒታል ገብታ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ነው። በር ላይ አቀብሎ መሮጥም የለም፤ የሕሙማን ጸሎቱ መድረስ አለበት።

ደግሞ የሚያሳፍረው የተቀባዮቹ ዝግጅት ነው። የኛ እናቶች ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ ሻማ አብርተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ነው የሚጠብቁን። እኛ በቲሸርት እንገባለን፤ ስልካችን ይጮሃል። (በነገራችን ላይ፣ «ቁርስ ቀምሻለሁ» ብለው የሚያዝኑ አሉ። ከመቁረብ በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል የሚጾመው ጾም አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና አስታማሚዎቻቸውን አይመለከትም። ይህንን መንገር የኛ ፋንታ ነው።)

ጽዋ ማጠብም ሌላ ጣጣ ነው። ከቁርባን በኋላ ዕቃውን የሚያጠራው ካህን፣ ዲያቆን ወይም ለዚሁ የተሾመ አገልጋይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምእመናን እንዲያግዙ ተሰጥቶ የነበረውን ልዩ ፈቃድ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2006 አላራዘሙትም። ይህን ያልሰማ ሰው አሁንም ያጋጥመኛል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ማን ነገረው?

ቁምስናዎች (አጥቢያዎቻችን) አዲስ ሰው ሲመድቡ የተራ ዝርዝር በኢሜይል ልከው ዝም ባይሉ ጥሩ ነው። አንድ ምሽት ቁጭ አድርገው ያስተምሩን። ቅዱስ ቁርባን መሬት ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ፣ ሕመምተኛው መዋጥ ቢያቅተው ማን እንደሚጠየቅ ያሳዩን። የኛን ሰዎች ለሚጎበኙ ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛም ቢሰጥ ብዙ ይረዳል። ለማስተባበር እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

አክባሪያችሁ
አንድ ምእመን፣ ከሜሪላንድ