ገብስማ አውራችንን ላሳረዱን የወረዳችን እንስሳት ሀብት ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ማመልከቻዬ ቢሮዎ ገብቷል፣ ማኅተምም ተመቶበታል። መልስ ግን የለም። ስለዚህ በአደባባይ ልጻፍልዎት።

የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት ሲከፋፈል ባለሙያዎችዎ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይዘው መጡ፦ «የሀበሻ አውራ ያለው ሰው ጫጩት አያገኝም።» እናቴ መንግሥት ያለውን የምትሰማ ሰው ናት። ገብስማውን አሳረደችው። ዘሩን አያቴ መርጣ ያቆየችው፣ የሰሜን ሸዋን ውርጭ ደጅ አድሮ የለመደ አውራ ነበር። ጎረቤቶቻችንም ቀዩን፣ ዘግርማውን፣ ቴተርማውን ገበያ አወጡ። በዓል ስላልነበረ ዋጋው እንኳ አልረባም።

ጫጩቶቹ መጡ። ክረምት ሲገባ ገሚሶቹን ብርዱ፣ የቀሩትን ፈንግል ጨረሳቸው። ክትባት ስንጠይቅ «አልቋል» ተባልን። የሞቱት ደግሞ «በአያያዝ ችግር» ነው አሉን! የሀበሻ ዶሮን ፈንግል አይነካትም አላልኩም፤ ይፈጃታል። ግን የተረፈችው ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ቤቱም ተመልሶ ይሞላል። ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው መታቀፍ ትታለች። አሁን የሀበሻዋም ብትታቀፍ ዋጋ የለውም፤ አውራ የለማ።

ለሥልጠና ቻይና ደርሰው መምጣትዎን በፎቶ አይተናል። እንኳን ደህና መጡ። ስለ ቲቤት ዶሮ ነግረውዎት ይሆን? ትንሽ ናት፣ እንቁላሏም ጥቂት ነው። ነገር ግን አየሩ በሳሳበት ከፍታ የቆላ ዶሮ ሽል እንቁላሉ ውስጥ እንዳለ በብዛት ሲሞት፣ የእሷ ይፈለፈላል። ቻይናዎች «ምርቷ ዝቅተኛ ነው» ብለው አላሳረዷትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት የእንስሳት እርባታ ሕግ መንግሥት የሚጠበቁ ዝርያዎችን እንዲዘረዝር ያስገድዳል፤ እሷም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ የአገር ዶሮዎችን ዘር የሚያቆይ ማዕከል አላቸው። እነሱም ቢሆኑ ያጠፉት ዝርያ አለ፤ ቀድመውን ነቁ እንጂ።

ቻይና ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ቢሾፍቱ ያሉት የራሳችን ተመራማሪዎች የወለጋዋን የሆሮ ዶሮ፣ የተሻሉትን እየመረጡ በማራባት ብቻ፣ ዘሯን ሳያጠፉ፣ እንቁላሏንም ክብደቷንም ጨምረዋል።

አገራችን በ1986 ዓ.ም. ያጸደቀችውን፣ የአገር ዝርያዎች እንዲጠበቁ የሚጠይቀውን ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንግዲያው አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ «የሀበሻ አውራ ይወገድ» የሚለው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? ማን ፈረመበት? ካለ ቢሮዎ በር ላይ ይለጥፉልን። ከሌለ ግን በሚቀጥለው ዙር ባለሙያዎችዎ ይህንን ይዘው ደጃችን አይምጡ።