ስለ ምጣድ መስመር መዘጋትና ስለ አዲሱ የፍተሻ ዋጋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ሳምንታት የኤሌክትሪክና የቤት ደህንነት ፍተሻ ካደረግንባቸው ቤቶች ውስጥ የበርካታዎቹን የምጣድ መስመር፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ምጣዱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ሽቦ፣ ዘግተን ወጥተናል። ሊጡ ቦክቶ እያለ መስመሩ የተነቀለባችሁ እናቶች አላችሁ። ጎረቤት ሄዳችሁ የጋገራችሁ፣ እንጀራ ከገበያ ለመግዛት የተገደዳችሁም አላችሁ። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።

መስመሩን መዝጋታችን ግን ትክክል ነበር፤ ወደፊትም እንዘጋለን። ደብዳቤው የረዘመው «ሥራ ለማብዛት፣ ገንዘብ ለመብላት ነው» የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ ገራዶ ዞሮ እኛው ጆሮ ስለገባ ነው። የልጆቻችሁን ሠርግ ዳስ መብራት ስንዘረጋ ከኖርን በኋላ ይህን መስማት ከብዶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ምጣዱ እስኪሰማ፣ ከዚያ የሳምንቱ እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ይህ ሁሉ አምፔር ለረጅም ሰዓት በሽቦው ውስጥ ይሄዳል። በቆዩ ቤቶች የምናገኘው ሽቦ ደግሞ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ታስቦ የተዘረጋ ነው። ገበያው «1.5» የሚለው ሽቦ (ቁጥሩ ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ፊት ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) የመብራት ነው፤ ብሬከሩም፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ ወርዶ መስመሩን የሚቆርጠው፣ 10 አምፔር ነው። «2.5» የሶኬት ነው፤ ብሬከሩ 16። ለምጣድ ግን ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ወጥ ቤት መሀል ላይ ሳይቀጠል የሚሄድ፣ ሌላ ሶኬት የማይጋራው ባለ 4 የመዳብ ሽቦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ያስፈልጋል።

መዝጋት ግድ ያለን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው። ምጣዱ በ2.5 ሽቦ ላይ ይሠራል፤ ከጎኑ የወጥ ምድጃ ሲጨመር 16ቱ ብሬከር ይወርዳል። «እየወረደ አስቸገረን» ተብሎ ሠራተኛ ይጠራና 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል። ከዚያ በኋላ አይወርድም፤ ቤተሰቡም ተስተካከለ ብሎ ያርፋል። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ ስለሆነ፣ ሽቦው ከሚችለው በላይ የሆነ ብሬከር ሲገባ ጠባቂው ተነሣ ማለት ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ የሚችለው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ፌዝና ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ይገናኛሉ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሽቦ ከሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ በተጠቀለለበት ቦታ ነው፤ ማለትም ኮርኒሱ ላይ፣ አቧራና ደረቅ እንጨት መሀል፣ አይጥም በማይጠፋበት። ኮርኒሱን ካልከፈትን ፍተሻ አንልም የምንለው ለዚህ ነው። ሲጋገር አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ የምጣዱ ሶኬት ጠርዙ ከጠቆረ ወይም መሰኪያው ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ እኛን ባትጠሩም እንኳ ጋገራውን አቁሙ። ምጣድ በዲቫይደር መሰካትማ ፈጽሞ አይሞከር።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን መሬት ውስጥ ወደተቀበረ የብረት ዘንግ ስለሚያወርደው ሽቦ፣ ነው። «ዘንግ ቅበሩና ጨርሱ፤ አርሲዲ የምትሉት ምን ያደርጋል?» ተብለናል። አርሲዲ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ቁጥሩን እንይ። የምጣድ ቆርቆሮ አካል ላይ ፌዝ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በኧርዙ ወደ መሬት ይወርዳል። ዘንጉ በጣም ጥሩ ሆኖ 10 ኦም ቢለካ እንኳ (ኦም ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲወርድ የሚገጥመው እንቅፋት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል) 220 ለ10 ሲካፈል 22 አምፔር ነው፤ 25 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም። ምጣዱ እንደ ነዘረ ይቆያል። ጋጋሪዋ ደግሞ እጇ ሊጥ፣ እግሯ እርጥብ ወለል ላይ ነው። አርሲዲ ግን 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ ይቆርጣል፤ ዘንጉ 100 ኦም ቢሆን እንኳ ይሠራል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው። የተገጠመላችሁ ሰዎች «ቲ» የሚለውን ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ፤ ካልወረደ ተበላሽቷል።

በደሴ ተዳፋት ላይ ዘንግ መቅበር አድካሚ ነው። ብዙ ቦታ ገና ግማሽ ሜትር ሳይገባ ድንጋይ ይይዘዋል፤ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ባለ 1.5 ሜትር ዘንግ ሙሉውን ካልገባ ቆርጠን አንተወውም። ቦታ እንቀይራለን፣ ወይም ሁለተኛ ዘንግ ቢያንስ በ1.5 ሜትር ርቀት ቀብረን በመዳብ ሽቦ እናያይዛለን፤ ከዚያ በመለኪያ እንለካለን። በክረምት የተለካ ዘንግ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ስለሚጨምር ለዚያ የሚሆን ትርፍ እንይዛለን። በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ የሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ከኒውትራል ጋር ታስሮ አግኝተናል። ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል በንፋስ የተበጠሰ ቀን ምጣዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ማጠቢያ ማሽኑ ሁሉ በአካሉ 220 ቮልት ይይዛል። ይህንን ያየንበትን ቤት ለአንድ ሌሊትም እንደነበረ ትተን አንወጣም።

ስንዘጋ የምናደርገውም ይታወቅ። ሽቦውን ከብሬከሩ ነቅለን ጫፉን እንሸፍናለን፤ ምክንያቱን ጽፈን ሳጥኑ ላይ እንለጥፋለን። መብራቱና ሌላው ሶኬት ይሠራል። የቆጣሪው ማኅተም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ አንነካውም።

«ሽቦ ራሳችን ገዝተን ነበር፤ አንገጥምም አሉ» ያላችሁንም ሰምተናል። ባለ 4 ነጠላ ሽቦ ተልጦ ሲለካ ውፍረቱ 2.25 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78 ገደማ መሆን አለበት። ጥቅልሉ ላይ 4 ተጽፎ ሲለካ ከ2.5 ብዙም የማይበልጥ ይገኛል። በቢላ ሲፋቅ ከመዳቡ ሥር ነጭ የሚወጣው ደግሞ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ያንን ገጥመን የእኛን ማኅተም አናሳርፍበትም። ከየትም ግዙ፤ እኛ ሱቅ ግዙ አላልንም። ብቻ ከመቆረጡ በፊት አሳዩን።

የሚሸጥ ቤት ያላችሁ «የግድግዳውን ስንጥቅ የፍተሻ ወረቀቱ ላይ ለምን ጻፋችሁት» ብላችሁናል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት የተሠራች ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ መሬቱ ውሃ ሲጠጣ ይንቀሳቀሳል። የልስን ላይ የፀጉር ስንጥቅ አንጽፍም። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣውን ግን ጀሶ እንለጥፍበታለን፣ ቀን እንጽፍበታለን፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ የሚመጣውን ውሃ በቦይ ማስቀየስ ነው። ቤቱን የሚገዛውም ሰው ነገ ደንበኛችን ነው።

የከሰሉም ማሳሰቢያ ከፍተሻ ወረቀቱ አይወጣም። ደሴ ብርድ ናት፤ እናውቃለን። ጭሱ ያለቀ ፍም አይጎዳም የሚባለው ግን ስህተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚያያዘውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ቀድሞ ወደ ውጭ መውጣት ነው። ምድጃው ከመተኛታችሁ በፊት ይውጣ፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ሲሊንደር ያላችሁም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ እንደሚተኛ አስቡ፤ ሬጉሌተሩንና ጎማውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ በክብሪት አይሞከርም።

አሁን ወደ ዋጋው። ፍተሻው ከ1,200 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ቀድሞ አንድ ሰው ሳጥኑን አይቶ ይመለስ ነበር፤ አሁን ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ይሠራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የሽቦው መዳብም ብሬከሩም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ሄዷል። በሐረጎ ዳገት ወጥተን ወርደን ኮምቦልቻ ለምንሠራውም የነዳጅ ጭማሪ አልጠየቅንም። ይህንን ድርጅት በአንድ ቴስተርና በአንድ መሰላል ስንጀምር ያመናችሁን እናንተ ናችሁ፤ ዋጋ የጨመርነው እያመመን ነው።

መስመር የተዘጋባችሁ አብሽሩ፤ ትክክለኛው ሽቦ በገባ ዕለት መልሰን እንቀጥላለን፤ ለዳግም ፍተሻው አናስከፍልም። ጠቅላላውን ሥራ በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብዳችሁ የምጣዱን መስመርና አርሲዲውን አስቀድሙ፤ የቀረውን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ እንቀበላለን። ሌላ ባለሙያ መጥራት መብታችሁ ነው። ያን ጊዜ ግን ኧርዙን በመለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ይጻፍላችሁ፤ ኮርኒሱንም ይክፈት። ይህንን ካደረገ እኛ ቅር አይለንም።

ፍተሻ የያዛችሁ ከመምጣታችን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጋግሩ፤ ወደ ኮርኒስ የሚያስገባውን ቦታ አሳዩን፤ ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት ለሁለት ሰዓት ያህል ይጠፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደሴ