ልጅቷ ዘጠኝ ጊዜ ለምን ወደቀች?

ጥር 20፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አባቴ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የደብረ ብርሃን ውርጭስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነኝ። ከእርስዎ ናፍቆትና ከአንድ ያልተቋጨ ነገር በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ነገሩን ያውቁታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል ስልኩን የምታነሳው እማዬ ናት። «አባባስ?» ስላት «አጥር ሊያጥሩ ወጥተዋል» ትለኛለች። በሦስት ሳምንት ስንት አጥር ይታጠራል? እሑድ ዕለት ስወተውታት ጊዜ እውነቱን አወጣችው። «የሰው ልጅ ወድቆ እያየች ተደብቃ ትቀርጻለች፤ አባቷንም በአደባባይ መሳቂያ አደረገችው» ብለዋል አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በስልክ ላስረዳዎት ብሞክር እንደምቀባጥር ስለማውቅ ወረቀትና ብዕር ያዝሁ። ሠላሳ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲሠሩ የፈረቃ መዝገብ ሳይቀር ቃል በቃል ያነብቡ ስለ ነበር ይህንንም እስከ መጨረሻው እንደሚያነብቡት ተስፋ አለኝ።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ለትምህርታችን ፊልም ስንቀርጽ ካሜራውን ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሰው ካሜራ ሲያይ ወደ ካሜራው ያፈጥጣል፤ የፊልም ተማሪዎች ስለሆንን ደግሞ መንገድ የምናዘጋበት አቅም የለንም። የሱቁን ባለቤት አስፈቀድን፤ እዚያው ደብረ ብርሃን የጠባሴን መንገደኛ ግን አላስፈቀድንም። እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ በኩል እንደሚያልፉ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነበር፤ ልብ አላልሁም። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ስለ ተዋናይቷ መውደቅ ላስረዳዎት።

በዚህ ወሰነ ትምህርት የተሰጠን ሥራ የአንድ ሮማንቲክ ኮሜዲ፣ ማለትም ፍቅርና ሳቅ የተቀላቀለበት ፊልም መክፈቻ ነው። ሙሉ ፊልም ሳይሆን መጀመሪያው ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ። «ለሁለት ደቂቃ ሁለት ቀን ቀረጻ?» እንዳይሉኝ፤ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ነውና ሁለት ደቂቃ ማለት 2,880 ምስል ነው። ከመቅረጻችን በፊት ለአንድ ወር ያህል የሌሎችን መክፈቻ እየተመለከትን፣ እያቆምን፣ እየመለስን ቆጠርን። በብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነገር ተደጋግሞ ይመጣል። ከተማው ከላይ ይታያል፤ ደስ የሚል ዘፈን ይሰማል፤ የፊልሙ ስም በደማቅ ቀለም ይጻፋል። ከዚያ የሰዓት ደወል ጮኾ አንድ ሰው ይነቃል፤ ሁልጊዜም አርፍዷል። በ1994 የወጣ አንድ የእንግሊዝ ፊልም አለ፤ ሰውየው ሰርግ ሊሄድ ሲገባው እንቅልፍ ይዞት ደንግጦ ሲነሳ ለረጅም ጊዜ ከአፉ የሚወጣው አንድ ስድብ ብቻ ነው። እርስዎ ፊት የማልደግመው ዓይነት። ብርሃኑም ፍንትው ያለ ነው፤ ጥላ አይወዱም። ለብርሃኑስ ስሟ ራሱ ብርሃን ከሆነ ከተማ የተሻለ አይገኝም ብዬ ነበር ጓደኞቼን ይዤ የመጣሁት። ብርሃኑ በእርግጥ አላሳፈረኝም፤ በታኅሣሥ ጧት የተዋናይቷ ጥርስ እንደሚንገጫገጭና ከአፏ እንፋሎት እንደሚወጣ ግን አላሰብሁም። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ስስ ሹራብ ለብሳ መጣች።

ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ለምንድን ነው ያልን እንደሆነ፣ መክፈቻው ለተመልካቹ ቃል መግባት ነው። እርስዎ ብርድ ልብሱ ገና ጣት ያህል ሲሸመን የድሩን ቀለም አይተው ምን እንደሚሆን ይነግሩን አልነበረም? እንደዚያ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመልካቹ ማንም እንደማይሞት፣ እነዚህ ሁለቱ እየተነታረኩ እንደሚዋደዱ፣ መጨረሻቸው እንደሚያምር ማወቅ አለበት። ታዲያ ካወቀው ለምን ቁጭ ብሎ ያያል ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። እኔም መምህራችንን ጠይቄዋለሁ። «ሰርግ የምትሄጂው ማን እንደሚያገባ ሳታውቂ ነው?» አለኝ።

የመክፈቻዎቹ ዋና ጌጥ ሁለቱ የሚገናኙበት ቅጽበት ነው። የሙያው ሰዎች ሚት ኪዩት ይሉታል፤ ፈገግ የሚያሰኝ የመጀመሪያ መገናኘት ማለት ነው። ይጋጫሉ፤ ቡና ይደፋል፤ መጻሕፍት ይበተናሉ፤ ሁለቱም ሊለቅሙ ሲያጎነብሱ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ከመካከላችን አንዱ «እኛም ጋ የጥምቀት ሎሚ አለ፤ ሎሚ ይወርወርላት» ብሎ ነበር። እኔ አሻፈረኝ አልሁ። ያ ሎሚ በየዘፈኑ ክሊፕ ተወርውሮ ተወርውሮ አልቋል። ስለዚህ መጋጨቱን መረጥን፤ ልጅቷ ዘንቢል ድንች ይዛ ስትሄድ ልጁ ስልኩን እያየ ይገጫታል፤ ትወድቃለች፤ ድንቹ ይበተናል፤ ጎንበስ ሲሉ ይተያያሉ። ስክሪፕቱ ላይ እጅግ ያምር ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት የሆነውን ይስሙ። የመጀመሪያው ጊዜ በእኛው ስህተት ተበላሸ፤ ልጁ ሳይደርስባት ቀድማ ወደቀች። በሁለተኛው ቆሎ የሚሸጡት እናት «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው መደባቸውን ጥለው መጡና ልጅቷን አቅፈው አነሷት። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ቀረ። በሦስተኛው ሁለት ተማሪዎች፣ በአራተኛው አንድ ባለ ባጃጅ፤ «ያለ ሒሳብ ጤና ጣቢያ ላድርስሽ» ብሎ ክንዷን ይዞ ሊያስገባት ሲል ነው ያስጣልናት። በአምስተኛው ሕፃናት ድንቹን እየሮጡ ለቀሙ። አባባ፣ ሃያ አራት ድንች ይዘን ነበር የወጣነው፤ ከአምስተኛው በኋላ ብንቆጥር ሃያ ሰባት ሆኖ አገኘነው። ከየት እንደ መጣ እስካሁን አላወቅንም። በስድስተኛው አንዲት ሴትዮ ልጁን «ሆን ብለህ ነው የገፈተርሃት፤ አይቼሃለሁ» ብለው ሊያስይዙት ነበር።

ሰባተኛው እርስዎ ነዎት።

ፊልሙን ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ጋቢዎን አጣፍተው ከቀኝ በኩል ይገባሉ። ልጅቷ ስትወድቅ «እኔን!» ይላሉ፤ ያ ሕመምተኛ ጉልበትዎ እንዴት እንደዚያ እንደሮጠ እግዚአብሔር ይወቀው። ከዚያ በከዘራዎ የልጁን ትከሻ ቸብ አድርገው «አንተ፣ ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» ይሉታል። እኔ ከሱቁ «ይቁም!» እያልሁ ስወጣ ቀና ብለው አዩኝ። ከእኔ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ ልጅቷ አዩ። ምንም ሳይናገሩ አንድ ድንች ከመሬት አንሥተው ዘንቢሉ ውስጥ ጨመሩና ሄዱ። ከእርስዎ በኋላም ሁለት ጊዜ አስወደቅኋት። ይህንን እማዬ አልነገረችዎት እንደሆነ እኔው ልንገርዎት።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሰው ባልነበረበት ሰዓት ስለሆነ በስክሪፕቱ መሠረት በትክክል ተቀረጸ። ተጋጩ፣ ድንቹ ተበተነ፣ ተያዩ። አዲስ አበባ ተመልሰን ስናየው ግን ምውት ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ መጋጨት የሚሠራው ሰው ቢወድቅ ማንም ዞሮ በማያይበት ከተማ ነው። ሕዝቡ እንደ ወንዝ በግራና በቀኝ ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ያጎነበሰው አንዱ ብቻ ስለሆነ ነው ልጅቷ ልብ የምትለው። ጠባሴ ላይ ግን ማጎንበስ ምን ያስመሰግናል? የማያጎነብስ የለም። እኛ የሌላ አገር መንገድ ተውሰን የራሳችንን ሰው እንደ እንቅፋት እያባረርን ነበር።

ለክፍሉ ያሳየሁት ዘጠነኛውን አይደለም፤ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ያለውን ቀጣጥዬ ነው። ልጅቷ ትወድቃለች፤ «እኔን!» እየተባለ ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ልጁ ሊያነሳት ቢፈልግም በሰው ብዛት ሊጠጋት አይችልም፤ ይባስ ብሎ ጥፋተኛው እሱ ነውና ይመታል፤ እሷ ወደ ባጃጅ ትወሰዳለች። ሰው ሲበተን ልጁ እጁ ውስጥ አንድ ድንች ይዞ ብቻውን ቀርቷል። እዚያ ላይ የፊልሙ ስም ይጻፋል። ፊቷን እንኳን በቅጡ አላየም፤ ድንቹን ግን መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ተመልካች ራሱ ይጨርሰዋል። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ የሳቁት ግን በእርስዎ አይደለም፣ ይመኑኝ። በልጁ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ላንሣ፤ ነገሬ ከመስመር ቢወጣም። ከተመለከትናቸው ውስጥ ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት የሚባል በ1934 የወጣ የአሜሪካ ፊልም አለ፤ በእኛ 1926፣ አያቴ ለአርበኝነት ጫካ ከመግባታቸው በፊት መሆኑ ነው። አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች የጠቀለለ ፊልም ነው። የሚከፈተው በፍቅረኞቹ አይደለም፤ በአባትና ልጅ ጠብ ነው። አባትየው ሀብታም ነው፤ ልጁ እሱ የማይወደውን ሰው ስላገባች መርከቡ ላይ ዘግቶባታል። እሷም እህል አልቀምስም ብላለች። ምግቡ ሲቀርብላት ትደፋዋለች፤ አባትየው በጥፊ ይላታል፤ ከመርከቡ ባሕር ውስጥ ዘልላ በዋና ታመልጣለች። ከዚያ በኋላ ነው የሌሊት አውቶቡስ ላይ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር በመቀመጫ ተጣልተው የሚተዋወቁት። በመቀመጫ መጣላትማ የሸኖ መንገድ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ያን መክፈቻ ሳየው ያስታወስሁት የሒሳብ መዝገብ ሥራዬን ትቼ ፊልም እማራለሁ ያልሁ ጊዜ ነው። እኔም ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። እርስዎ ግን በጥፊ አላሉኝም፤ ጩኮ በሳህን አድርገው ደጃፌ ላይ አስቀመጡና «ሲርብሽ ትበያለሽ፤ ስትጠግቢ እንነጋገራለን» አሉኝ። የምዘልበት ባሕርም አልነበረም፤ የበሬሳ ወንዝ በበጋ ጉልበት አይደርስ። ሌሊት ተነሥቼ ጩኮውን ጨረስሁት። ሰምተውኝ እንደነበር ያወቅሁት ጧት ሁለተኛ ሳህን ሳገኝ ነው። የዚያ ፊልም አባትም መጨረሻ ላይ ልጁን ከሰርጓ መሀል እንድትሸሽ የሚረዳት ራሱ ነው። ፊልሙን ቢያዩት ይወዱታል ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር ለማለት አይደለም።

አሁን ወደ ልመናዬ። እርስዎን የሚያሳየው ክፍል ስድስት ሰከንድ ነው። ፊትዎ አይታይም፤ ጋቢዎና ከዘራዎ ነው የሚታየው። ይውጣ ካሉኝ ያለ አንዳች ክርክር አወጣዋለሁ። የቆሎ ሻጯን እናት፣ ባለ ባጃጁን፣ የሕፃናቱን ወላጆችና ሴትዮዋን ደግሞ እኔ ራሴ በየቤታቸው ዞሬ አስፈቅዳለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

ይግባ ካሉኝ ደግሞ አንድ ችግር አለ። እርስዎ «እኔን!» ባሉ ሰዓት ነፋስ ማይክራፎኑን መትቶት ድምፁ ተበላሽቷል። በሌላ ሰው ልንተካው ሞከርን። አንድ የቲያትር ሰው አሥራ አንድ ጊዜ አለልን፤ አሥራ አንዱም ጊዜ ለተመልካች ነበር ያለው። ቅዳሜ ከድምፅ ቀራጯ ጋር እመጣለሁ፤ ቤት ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ነው። ልጁም አብሮን ይመጣል፤ ትከሻው ደህና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል። ልጅቷን አላመጣትም፤ ድጋሚ የምትወድቅ ይመስልዎታል።

ለእማዬ የጉልበት ቅባቷን ገዝቻለሁ። ለእርስዎም የሱፍ ካልሲ ይዣለሁ። አጥሩን እስከ ቅዳሜ ይጨርሱት።

ልጅዎ