ማሽናችሁ አልተበላሸም፤ ችግሩም እሱ ነው

ለዲያሊስስ ማሽን አምራቹ ድርጅት
የደንበኞች ቅሬታ ክፍል

ጉዳዩ፦ መርፌ ከክንድ ሲወጣ ዝም ስለሚለው ማሽናችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህ ሁለተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለመጀመሪያው የላካችሁት መልስ ደርሶኛል። ዋናው ነጥቡ «መሣሪያው በተቀመጠለት መስፈርት መሠረት ሠርቷል» የሚል ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም። እንደተሠራው ነው የሠራው። ቅሬታዬም አሠራሩ ላይ ነው።

የሆነውን ባጭሩ ልድገመው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት (ዲያሊስስ) ላይ ነኝ። የዚያን ቀን ሦስተኛው ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ክንዴ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። መሸፈን እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ሁሌም ይነግሩናል። ግን እጥበት ላይ ብርዱ እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚገባ የተቀመጠበት ያውቀዋል። ደም የሚመልሰው መርፌ ከክንዴ ወጣ። ፓምፑ ደሜን መግፋቱን ቀጠለ፤ ወደ ሰውነቴ ሳይሆን ወደ ብርድ ልብሱ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ድምፅ የለም። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ወለሉ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር አይተው ባይጮኹ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ፓምፑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ነበር የሚገፋው። የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። አምስት ደቂቃ ማለት አንድ ሊትር ተኩል ነው። ቀሪውን ሒሳብ እናንተ ሥሩት።

ከዚያ ወዲህ ሳነብና ስጠይቅ ከረምኩ። የጥገና ባለሙያውንም መቀመጫ አሳጣሁት። የገባኝን ልንገራችሁ፣ ከእኔ በላይ ብታውቁትም። ማሽኑ መርፌው መውጣቱን አያይም። የሚያየው በመመለሻው ቱቦ ውስጥ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የዚህ ግፊት ትልቁ ድርሻ ደግሞ ደሙ በቀጭኗ መርፌ ውስጥ ተጨናንቆ ሲያልፍ የሚፈጠረው ነው። መርፌዋ ክንድ ውስጥም ሆነች ብርድ ልብስ ላይ ቅጥነቷ ያው ነው። ስትወጣ የሚቀንሰው የደም ሥሩ የራሱ ግፊት ብቻ ነው። እሱ ትንሽ ነው። የአላርሙ የታችኛው ወሰን ከዚያም ወረድ ብሎ ከተቀመጠ ማሽኑ ምንም የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም።

ታዲያ ወሰኑን ለምን ጠበብ አታደርጉትም ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ሳቀች። «አሁንም እኮ ሲጮህ ነው የሚውለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሳስል ይጮኻል። ክንዴን ሳዞር ይጮኻል። ቱቦው ትንሽ ሲታጠፍ ይጮኻል። የእጥበቱ ሰዓት ሲያልቅም ይጮኻል፤ ያውም በዚያው ድምፅ። እሷ ደግሞ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስትሯሯጥ ነው የምትውለው። ትመጣለች፣ ድምፁን ታጠፋለች፣ ትሄዳለች። እጇ ለምዶታል። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ በሚቀጥለው መልሳችሁ «የባለሙያዎች ሥልጠና» የሚለውን አታምጡብኝ።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ነርሷ አላርሙን አጥፍታ ሥራው ሲቀጥል፣ ማሽናችሁ ወሰኑን አዲስ በለካው ግፊት ዙሪያ መልሶ ያስቀምጠዋል። መርፌው ወጥቶ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ እንደ ዕድል አላርሙ ቢጮህ እንኳ፣ አንድ የቸኮለ ሰው ክንዱን ሳያይ ቁልፉን ከተጫነ የወረደው ግፊት ደህናው ግፊት ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚጮህበት ምክንያት የለውም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። የጥገና ባለሙያውም እንደዚያው መሆኑን አረጋገጠልኝ።

በአየር መቆጣጠሪያችሁ ላይ ግን ምንም ቅሬታ የለኝም። ቱቦው ውስጥ አረፋ ሲያይ ፓምፑን ያቆማል፣ ቱቦውን ቆንጥጦ ይይዛል። ማንንም አይጠብቅም። ስትፈልጉ ትችላላችሁ ማለት ነው።

ሐኪሙ ዊለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. በጀርመን በተያዘችው ኔዘርላንድስ የመጀመሪያውን የዲያሊስስ ማሽን ሲሠራ፣ ማጣሪያው የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን ነበር። ጦርነት ነው፤ ያገኘውን ተጠቀመ። እናንተ ጦርነት ላይ አይደላችሁም። መርፌው ላይ የሚለጠፍ፣ ደም ሲነካው የሚያስጠነቅቅ የርጥበት ሴንሰርም አላችሁ። ካታሎጋችሁ ውስጥ አየሁት። «አማራጭ መለዋወጫ» ይላል፤ ለብቻው ይሸጣል። የአየር መቆጣጠሪያውን ለብቻው አትሸጡም። አየሩም መርፌውም ሰው ይገድላሉ። አንዱ ግዴታ፣ ሌላው አማራጭ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሴንሰሩ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ፤ ሲረጥብም ማስጠንቀቅ ብቻ ሳይሆን ፓምፑን ራሱ ያቁም። የመመለሻ ግፊት አላርም በጮኸ ቁጥር ማሽኑ የኮድ ቁጥር ከሚያሳይ «መርፌውን እዩ» ይበል፤ ሰው አይቶ ሳያረጋግጥለትም ወሰኑን አያንቀሳቅስ። የሰዓት ማለቂያው ድምፅም ከአደጋው ድምፅ ይለይ። ይሄኛው እንኳ የሶፍትዌር ጉዳይ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በመልሳችሁ «የማሽኑን መዝገብ መርምረናል» ብላችኋል። እንግዲያው የዚያን ዕለት ሦስተኛ ሰዓት የግፊት መዝገብ እጃችሁ ላይ አለ። ቅጂውን ላኩልኝ። ለሐኪሜ ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ለራሴም ግፊቱ ስንት ቁጥር እንደወረደ ማየት እፈልጋለሁ። «አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» የሚለውን ደብዳቤ ግን ተዉት፤ ከበፊቱ አንድ አለኝ።

ከሰላምታ ጋር
በሳምንት ሦስት ቀን ማሽናችሁ ላይ የሚታጠብ ታካሚ