ካርታው ላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ስህተት አይደለም

ይድረስ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የኮከብ ቀጠና መጽሐፋችንን ስለገዛችሁን እናመሰግናለን። ደብዳቤውን የምንጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛችን የመጽሐፉን የከዋክብት ካርታ ጠቅልሎ ሱቃችን ድረስ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና «ቀለም አልቆባችሁ ነው እንዴ? ግማሹ ባዶ ነው!» አለን። ከሱ በኋላም ሦስት ሰዎች ያንኑ ጠየቁን። አብሽሩ፣ ቀለም አላለቀብንም።

ገና ላልገዛችሁ ባጭሩ፦ መጽሐፉ ራሱን የቻለ ጨዋታ አይደለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ፣ አንዱ እየመራ፣ ሌላው አብራሪ፣ ሌላው ነጋዴ ሆኖ ለምትጫወቱት የሕዋ ጨዋታ አገር የሚሰጥ ነው። ሕጉን ከያዛችሁት ጨዋታ ታመጣላችሁ። ከዋክብቱን፣ ሕዝቡንና ጠቡን ከኛ ትወስዳላችሁ።

ካርታው በአግድም 8፣ በቁመት 10፣ በጠቅላላው 80 ባለስድስት ጎን ክፍሎች አሉት። ኮከብ ያለባቸው 38ቱ ናቸው። ይህን አሠራር እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ ከታተመው ትራቨለር ከተባለው ጨዋታ የመጣ ልማድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ዳይስ ይጣላል፤ 4፣ 5 ወይም 6 ከወጣ ኮከብ አለ፣ አለዚያ ባዶ። እኛም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቡና እየጠጣን ስንጥል ዋልን። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቦታ ላይ የወጣውን አልወደድነውምና ቀየርነው።

ደግሞ ሕዋ ራሱ ባዶ ነው። የአንዱ ክፍል ስፋት አንድ ፓርሴክ፣ ማለትም 3.26 የብርሃን ዓመት ነው (የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ከፀሐያችን ቀጥሎ ያለው የቅርብ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በዚያው በ1977 የተወነጨፈችው መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። በዚህ ፍጥነት ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለት ሰከንድ አይሞላም! ሚኒባሱ እስኪሞላ የምንጠብቀውን አትቁጠሩት። ወደ ፕሮክሲማ ብታቀና ግን ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባት ነበር። (እውነተኛው ሕዋ ዝርግ አይደለም ያላችሁን የፊዚክስ መምህር፣ ልክ ነዎት። ወረቀቱ ግን ዝርግ ነው።)

ባዶውን የተውንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ባቲን አስቡ። የሰኞ ገበያዋ ዝናው የወጣው ደጋና ቆላ እዚያ ስለሚገናኙ ነው። አፋሩ ግመሉንና ጨውን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይመጣል። አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሜዳ ቢሆን ማን ባቲ ላይ ይቆም ነበር? በኛም ካርታ መሐል ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ባዶ ምድረ በዳ አለ። በአንድ ዝላይ፣ ማለትም ከኮከብ ወደ ኮከብ በአንድ ጉዞ፣ ከሁለት ክፍል በላይ የማትሄድ መንኮራኩር የምትሻገረው ቁጥሩ 0406 በሆነው ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያለችው ዓለም ውኃዋ ጨዋማ፣ አየሯ የማይተነፈስ ነው፤ ግን በቀረጥ ሀብታም ናት። ሦስት መንግሥታት የሚጣሉባት ለዚህ ነው። ባዶውን በኮከብ ብንሞላው ጠቡም፣ ኮንትሮባንዱም፣ ጨዋታውም ያልቃል።

ወሬም እንደዚሁ ነው። አንድ ዝላይ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ ከመንኮራኩር የሚፈጥን መልእክት የለም። ደብዳቤ በሹፌር እጅ እንደመላክ ቁጠሩት። ሦስት ዝላይ ርቆ የእህል ዋጋ ቢወድቅ እናንተ የምትሰሙት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ ያተርፋል። ጨዋታ መሪዎች፣ እባካችሁ ይህን ሕግ አታላሉት።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት። ቁጥር 0703 ካርታው ላይ ሁለት ጊዜ ታትሟል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓምዱን፣ የኋለኞቹ ረድፉን ነው የሚያሳዩት። በስተግራ ዝቅ ብሎ ያለው 0307 መሆን ነበረበት፤ አገላብጠን ጻፍነው። በዚህ የተነሳ አንድ ቡድን የተሳሳተ ዓለም ላይ አርፎ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተከራከረ ሰምተናል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ማረሚያ ተለጣፊው ሱቃችን ውስጥ በነጻ አለ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ለዚህ ብላችሁ ዳገቱን አትውጡ፤ ደውሉልን፣ በሚኒባስ እንልካለን።

ሽፋኑ ላይ ስላለው ጅራታም ኮከብም ጠይቃችሁናል። አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደንቀው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል። በደሴ የተሠራ የሕዋ መጽሐፍ ሌላ ምን ሽፋን ይኖረዋል?

ባዶዎቹን ክፍሎች እናንተው ሙሏቸው፤ የጠፋች መርከብ፣ የወንበዴ ዋሻ፣ ያሻችሁን። ብቻ በእርሳስ ጻፉ። በእስክሪብቶ አበላሽተው ሌላ ካርታ የጠየቁን አሉ፤ የቀረን ደግሞ ጥቂት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አዘጋጆቹ፣ ደሴ ፒያሳ