የንባብ ክበብ፦ ገዳዩን እያወቁ ማንበብ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ መጽሐፍ ነው፤ በ1866 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ የወጣውን የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት»። ስድስት ክፍሎችና አንድ መዝጊያ አለው። ግድያው የሚፈጸመው በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ ሲሆን ገዳዩ ራስኮልኒኮቭ መሆኑን አንባቢው ያውቃል። አባላቱ እዚህ ሲደርሱ «ታዲያ ቀሪውን አምስት ክፍል ምን ፍለጋ እናነባለን?» ብለው ጠየቁ።

የምንፈልገው «ለምን ገደለ?» የሚለውን ነበር። ለዚህም እያንዳንዱ አባል ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈለ፦ የተናገረው፣ ያደረገው፣ ሰውነቱ የመሰከረበት። ትኩሳቱ፣ ራሱን መሳቱ፣ ቅዠቱ ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። ዓምዶቹ በግልጽ የተጋጩት ገንዘቡ ላይ ነው። አሮጊቷን አራጣ አበዳሪ የገደለው ለገንዘብ ይመስላል፤ የዘረፈውን ቦርሳ ግን ከፍቶ እንኳ ሳያይ ድንጋይ ሥር ደበቀው። ውስጡ 317 ሩብልና 60 ኮፔክ እንደነበረ የምናውቀው በመዝጊያው ነው። ለሚያምናት ወጣት ለሶንያ ሲናዘዝም ድህነቱን፣ እናቱንና እህቱን፣ «ልዩ ሰዎች» ሕግ መተላለፍ ይፈቀድላቸዋል የሚለውን ሐሳቡን እያነሣ ይጥላል። ስለዚህ አንዱን ብቻ መርጦ «ምክንያቱ ይኸው ነው» ያለ ጽሑፍ ሁሉ ለእርማት ተመልሷል።

ስሞቹ አስቸግረዋል። ሮድዮን ሮማኖቪችም፣ ሮድያም፣ ራስኮልኒኮቭም አንድ ሰው ነው። የስም ዝርዝር ጽፎ ከሽፋኑ ጀርባ መለጠፍ ችግሩን ፈታው።

ብዙ ጊዜ የወሰደው መርማሪው ፖርፊሪ ራስኮልኒኮቭን መጀመሪያ የጠየቀበት ትዕይንት ነው። ትዕይንቱን ድምፅ ተከፋፍለን አነበብን፤ የራስኮልኒኮቭን ሐሳብ የሚያነበው ሌላ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም፤ ፖርፊሪን በቁጣ አነበቡት። ፖርፊሪ ግን እየሳቀ፣ እንደ ወዳጅ እየተጨነቀ ነው የሚያጠምደው። ራስኮልኒኮቭ ዕቃ ሊያሲዝ በሄደበት ዕለት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀለም ቀቢዎች አይቶ እንደሆነ በዋዛ ይጠይቀዋል። ቀቢዎቹ እዚያ የሠሩት ግድያው በተፈጸመበት ቀን ነው፤ እሱ አሮጊቷ ዘንድ ሄድኩ የሚለው ግን ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። «አዎ» ቢል ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። እሱ ወጥመዱ ገብቶት «አላየሁም» ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርገው በድጋሚ ሲያነቡት ወጥመዱ ቃል በቃል ተሰማ።

በመጨረሻ የተከራከርነው በኑዛዜው ነው። ራስኮልኒኮቭ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሳይናገር ይወጣል፤ ሶንያ ውጭ ቆማ ሲያያት ተመልሶ ይናገራል። በርካታ አባላት «ተጸጸተ» ብለው ጻፉ። ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ከገባ በኋላ ግን ጥፋቴ የሚለው አለመሳካቱንና እጁን መስጠቱን ብቻ ነው። አባላቱም ወደ ደብተራቸው ተመልሰው ያንን ቃል ከኑዛዜው ገጽ ሰረዙት፤ ወደ መዝጊያው የመጨረሻ ገጾች ያዛወሩትም ነበሩ።