ጉዳዩ፡- ኮዱ እየተሰረዘ ብልሽቱ ስለሚመለስበት የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ጥገና የቀረበ ቅሬታ

ቀን፡- ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተሽከርካሪ አስመጪና ሻጭ ድርጅቱ የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ከድርጅታችሁ መኪና ገዝተን መሀል ከተማ በሚገኘው ጋራዣችሁ የምናስጠግን ባለንብረቶች ነን። ቅሬታችን መኪና ለምን ተበላሸ የሚል አይደለም። ሽቦ ይበጠሳል፣ ሴንሰር ይሞታል፣ ባትሪ ያረጃል፤ ይህ ያለ ነው። የምናማርረው ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተተው መኪና ምልክት በበራች ቁጥር ጋራዣችሁ የሚሠራው ያው አንድ ሥራ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ስካነር የሚባለው መመርመሪያ ይሰካል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ይነበባል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ የምርመራ ይከፈላል። መኪናው ሜክሲኮ አደባባይን ሳያልፍ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ጆብ ካርዱ ላይ የሚሰፍረውም «ኮድ ጠፍቷል» የምትል ብቻ ናት። ኮዱ የብልሽቱ ምስክር ነው፤ ምስክሩን አባርሮ መዝገቡን መዝጋት ጥገና አይባልም።

የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞቻችሁ «መኪናው ይሄዳል አይደል? ይነዳ» ይላሉ። መሄዱንማ ይሄዳል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ኢኤስሲ የሚባለው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ በሥራ ላይ ነው፤ የተንሸራተተ ጎማ እየያዘ ነው። ሳይቋረጥ ሲበራ ግን ራሱን አጥፍቷል። ተራው ፍሬን አለ፤ ኩርባ ላይ መኪናው ሲያመልጥ አንዱን ጎማ ለይቶ የሚይዝ ግን የለም። ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው ቆልፎ ይንሸራተታል። ቀዩ የፍሬን መብራት በሁለቱ ላይ ከተጨመረ ደግሞ የፍሬኑን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍልም ቆሞ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከነጭራሹ መነዳት የለበትም። ሦስቱን ሁኔታዎች ለይቶ የነገረን ሠራተኛ የለም። ክረምት ላይ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ መቆጣጠሪያ በአዲስ መኪኖች ላይ እንዲኖር ያስገደዱት ለጌጥ አይደለም።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ፊደል ተመልከቱልን። በሲ የሚጀምረው የፍሬንና የመሪ ጉዳይ ነው፤ በዩ የሚጀምረው በኮምፒውተሮቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ በፒ የሚጀምረው የሞተርና የካምቢዮ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ሞተሩ ችግር ሲገጥመው ኢኤስሲም ለጥንቃቄ አብሮ ይዘጋል፤ ፍሬኑ ግን ምንም አልሆነም። እንዲህ ባለ ጊዜ የፍሬን ሴንሰር መሸጥ ከንቱ ወጪ ማስወጣት ነው። ኮዱ «አሁን ያለ» ነው ወይስ «የቆየ» ነው የሚለውም መታየት አለበት። ስካነሩ ይህን ሁሉ ያሳያል። የጎደለው ሰከን ብሎ የሚያነብ ሰው ነው።

በእኛ መኪኖች ላይ ደጋግሞ የሚወጣው ሲ 0035፣ ሲ 0040፣ ሲ 0045 ወይም ሲ 0050 ነው፤ በቅደም ተከተል የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። መስመር ያልነው አስበንበት ነው። ኮዱ «ከዚህ ጎማ የሚመጣው መረጃ አልደረሰኝም ወይም አላምነውም» ይላል እንጂ «ሴንሰሩን ቀይር» አይልም። ጋራዣችሁ ግን በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። ሴንሰሩ ይቀየራል፣ መብራቱ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ሴንሰር ይታዘዛል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ሽቦው ነው። የፊት ጎማ ሽቦ መሪ በዞረ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ ቴስተር ሲያዝበት ሽቦው ያገናኛል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ይቋረጣል። ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ፣ ሌላው ሽቦውን በየክሊፑ ቦታ እያነቃነቀ ነው። የተበጠሰውን ጠምዝዞ በፕላስተር ማሸግም መፍትሔ አይደለም። ውኃ ይገባዋል፣ መዳቡ ይዝጋል፣ ችግሩ ለመጪው ዝናብ ይቀጠራል። በሙያው ደንብ መበየድ ወይም ውኃ በማያስገባ መገጣጠሚያ ማያያዝ፣ ሁለቱ ገመዶች ተጠማዝዘው የመጡ ከሆነም ጥምዙን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሶኬቱም ተከፍቶ አረንጓዴ ዝገት እንዳለው ይታይ። በየላቫጆው በከፍተኛ ግፊት ውኃ የሚረጨው በቀጥታ እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሴንሰሩ መቀመጫ። ከሥሩ ዝገት ሲያብጥ ሴንሰሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከጎማው ጋር ከሚዞረው፣ ፍጥነቱን ከሚያነብበት ቀለበት የሚርቀው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ መሆን ሲገባው ክፍተቱ ይሰፋና በዝግታ ሲነዳ ምልክቱ ይጠፋል። ይህን የሚያስተካክለው መቀመጫውን መፋቅ ነው፤ ዕቃ አይገዛም። ምናልባት የማይሠራውም ለዚህ ይሆናል።

ከሁሉ የባሰው ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣው ነው። በአሁኖቹ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርስ ያለው ብረት ሳይሆን በኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ ያለ ቀጭን የማግኔት ቀለበት ነው። በዓይን ሲታይ ከተራ ጎሚኒ አይለይም። ኩሽኔታው ሲገለበጥ ማግኔቱ በተቃራኒው ጎን ይውልና ሴንሰሩ ባዶ ያነባል። ትክክል ቢገጠም እንኳ ፕሬስ ሲደረግ በዚያ ጎን ከተመታ ይጎዳል፤ ብረት ብናኝ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል። ቀለበት የሌለው ርካሽ ኩሽኔታም አለ፤ በመጠኑ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን ምልክት አይሰጥም። ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይምጣ ከእናንተ መጋዘን፣ ከመገጠሙ በፊት በማግኔት ማያ ካርድ ማየት የሰከንዶች ሥራ ነው። ካርዱ የሌለው ጋራዥ ኩሽኔታ ባይቀይር ይሻላል።

ሴንሰሩ ራሱ መጠርጠር ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የድሮው ዓይነት ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ በኦም ይለካል፤ እንደ መኪናው ይለያያል እንጂ ብዙ ጊዜ ከ800 እስከ 2000 ኦም አካባቢ ይሰጣል። አዲሱ ዓይነት ግን ከኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ 7 እና 14 ሚሊ አምፔር እያፈራረቀ የሚልክ ስለሆነ የኦም ልኬት ስለ እሱ ምንም አይናገርም። መካኒኮቻችሁ አዲሱን ዓይነት በኦም ለክተው «ሞቷል» ሲሉ ሰምተናል። ትክክለኛው መንገድ ስካነሩን ሰክቶ መንዳት ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ሲነዳ አራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አንዱ ወደ ዜሮ ከወደቀ ወይም ከዘለለ በሽተኛው እሱ ነው። ሁልጊዜ በመጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ሴንሰሩን ትቶ የጎማውን መጠንና ንፋስ ማየት ነው።

ባትሪም አለ። መሀል ከተማ የሚነዳ መኪና ከካዛንቺስ ስታዲየም ለመድረስ በትራፊክ ቆሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ባትሪው ግን መልሶ አይሞላም። የሞላ ባትሪ መኪናው አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሞተር ሲነሣ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ዲናሞው ሲሠራ በአብዛኛው መኪና ላይ ከ13.8 እስከ 14.7 ይጠበቃል። ቮልቴጅ ሲወርድ የፍሬኑ ኮምፒውተር ቀድሞ ይሰናከልና የኢኤስሲ፣ የኤቢኤስና የመሪ መብራቶች በአንድ ጊዜ ይበራሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ሲደክም ያው መብራት ሁሉ ይደረደራል። ባትሪውን ሳይለኩ ኮድ ማንበብ ስለዚህ የተገላቢጦሽ ሥራ ነው።

አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ከተሠራ በኋላ መብራቱ ሲበራም «መንገዱ ነው» ትሉናላችሁ። መንገዱ አይደለም። የመሪ አንግል ሴንሰሩ ዜሮው አልተስተካከለም። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ስካነሩ ላይ የመሪው አንግል ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት፤ 8 ዲግሪ ቢያሳይ ኮምፒውተሩ ሹፌሩ ሊታጠፍ እንደፈለገ ይቆጥረዋል፤ መኪናው ግን አይታጠፍም። ከዚያ ኢኤስሲው ወይ ይዘጋል ወይ ያለ ምክንያት አንድ ጎማ ይይዛል። ማስተካከያው መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ፣ ሳይነቃነቅ በስካነር ዜሮውን ማስተማር ነው። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ከሆነ በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ብቻ ይበቃል። ክላክስ እምቢ ካለና የኤርባግ መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ከመሪው ሥር ያለውን ጥቅል ኬብል ጠርጥሩ። የስቶፕ መብራት ስዊችም ይህንኑ መብራት ያስነሣል፤ ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም ቀላል ነው።

በዩ ለሚጀምሩት፣ ለምሳሌ ከኤቢኤስ ሞጁሉ (ከፍሬኑ ኮምፒውተር) ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል ለሚለው ለዩ 0121፣ የምትሰጡት መልስ «የኤቢኤስ ሞጁሉ ይቀየር» ነው። በመኪናው ላይ ካሉት ዕቃዎች ውዶቹ መካከል ስለሆነ ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት የሞጁሉን ፊውዝ፣ የግራውንድ ሽቦውንና የሚደርሰውን ቮልት ለኩ። ባትሪው ተነቅሎ በዲያግኖስቲክ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል 60 ኦም ገደማ መገኘት አለበት። 120 ከሆነ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው መስመር በአንድ በኩል ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ገመዶች እርስ በርስ ተነካክተዋል። መኪናው ሲሸጥ በእናንተው ባለሙያ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ ካለም መጀመሪያ እሱን ነቅላችሁ ሞክሩ። ሞጁሉ በእርግጥ ከተቀየረ በመኪናው ልክ ኮድ ሊደረግ ይገባል፤ በውስጡ ያለው አየርም ፔዳል በመርገጥ ብቻ አይወጣም፤ ቫልቮቹን በስካነር እየከፈቱ ማስወጣት ግድ ነው። ይህ ሳይሠራ የተመለሰ መኪና ፔዳሉ ይለሰልሳል። የፍሬን መለሳለስ ከመብራቱ የባሰ ነገር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሻንሲ ቁጥራቸው የተያያዘውን መኪኖች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና መርምሩ። ከመሰረዙ በፊት የተነበበው ኮድ ሁሉ፣ የባትሪው ልኬትና በመንዳት ጊዜ የታየው የአራቱ ጎማ ፍጥነት ታትሞ ለባለንብረቱ ይሰጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ «ኮድ ጠፍቷል» በቂ መረጃ አይደለም። ለዚያው ብልሽት በተደጋጋሚ የተከፈለ የምርመራ ዋጋ ይመለስልን። የተቀየረ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጥ። የእያንዳንዱ መኪና ሻንሲ ቁጥር በአምራቹ የሪኮል (መኪናን ለጥገና መልሶ የመጥራት) እና የሶፍትዌር ማሻሻያ ዝርዝር ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በጽሑፍ ይገለጽልን። በዋስትና ዘመኑ ውስጥ ተመዝግቦ ያልተፈታ ብልሽት ደግሞ ዋስትናው ቢያልቅም በእናንተ ወጪ ይጠገን፤ ቀኑ ያለፈው መኪናው በእናንተ ግቢ ሲመላለስ ነውና።

ምርመራው እስኪያልቅ ቀዩ የፍሬን መብራት ከሌሎቹ ጋር የበራባቸው መኪኖች በመጫኛ መኪና እንዲወሰዱ፣ ወጪውንም ድርጅቱ እንዲሸፍን እንጠይቃለን። የጽሑፍ መልሳችሁን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የመኪኖቹ ባለንብረቶች

አባሪ፡- የሻንሲ ቁጥሮች ዝርዝር፣ የጆብ ካርዶችና የክፍያ ደረሰኞች ቅጂ